ሸገርን የሚይዝ «የቃኘው ሬዲዮ» እንዳትገዙ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። «ፒያሳ አንድ ልጅ ይሄን ሬዲዮ በ45 ሺህ ብር ልሽጥልህ አለኝ፤ ልውሰደው?» ይላል። ፎቶውን እንዳየሁ ሆዴ ቡጭ አለ። ቀለሙን አውቀዋለሁ። ያንኑ ቀለም የተቀባ ሣጥን እኔ ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። በ38 ሺህ ብር ነው የገዛሁት። እስካሁን ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ልጁ ግን ገና እየሠራበት መሆኑን ሳይ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

የድሮ የጦር ሬዲዮ መሰብሰብ እወዳለሁ። ብዙ ሰው እንደ እብደት ያየዋል፤ ባለቤቴም ጭምር። ቅዳሜዬን ምናለሽ ተራ ብረታ ብረት መሃል ተንበርክኬ የምጨርስ ሰው ነኝ። ቆራሌዎቹ ያውቁኛል። ሬዲዮውን የሸጠልኝ ደላላ ስልኬን ያገኘው በእነሱ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ያለ ካፌ ቀጠረኝ። ማኪያቶው ሳይመጣ ወሬው መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተራ ሬዲዮ አይደለም። አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ተሸክመውት ሄደዋል።» ጥጉ የተቀደደ፣ የደበዘዘ የወታደር ፎቶም ከኪሱ አወጣ።

ከዚያ አንድ ግቢ ይዞኝ ገባ። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ነጠላውን ገለጥ አደረገና ማብሪያውን ጫን አለ። ሸገር 102.1 ጥርት ብሎ ገባ። ጥላሁን ይዘፍናል። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ የሚሠራ ሬዲዮ! እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ደረሰኝ? የምን ደረሰኝ።

ጅልነቴ እዚህ ጋ ነው። ዘፈኑ ራሱ ውሸቱን እየነገረኝ ነበር። የእኛ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ያሉት ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ውስጥ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ እግረኛ ጀርባው ላይ ያዝለው የነበረው ኤስሲአር-300 የሚሠራው ደግሞ ከ40 እስከ 48 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለነበር፣ እውነተኛ የቃኘው ሬዲዮ ቢገኝ እንኳ የዚህ ዓይነት ነው የሚሆነው። ሸገርን ሊይዝ አይችልም። ይህን እኔ ለሌላው የማስረዳ ሰው ነኝ! ግን ሰው ሲጓጓ የሚያውቀውንም ይረሳል።

ማታ ቤቴ ገብቼ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታሁ። ቫልቮቹ፣ ማለትም የድሮ ሬዲዮ የሚሠራባቸው የመስታወት ቱቦዎች፣ የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። መሃል ላይ መዳፍ የምታክል የቻይና ሬዲዮ በፕላስተር ተለጥፋለች። ሽቦዋ ከፊት ካለው ማብሪያ ጋር ተያይዟል። ክብደቱን የሞላው ደግሞ በማዳበሪያ የተጠቀለለ የሴራሚክ ስብርባሪ ነው። የፊቱን ቀለም በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች የእንግሊዝኛ ኤን የምትመስል ፊደል ብቅ አለች። ሩሲያኛ! አር-105 የሚባለው የሶቪየት ሬዲዮ ቀፎ ነው የተሸጠልኝ።

ቃኘው ወደ ኮሪያ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። የሶቪየት መሣሪያ ወደ አገራችን በገፍ የገባው ደግሞ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተቆራረጠ በኋላ ነው። ኮሪያ ላይ የሶቪየት መሣሪያ ይዞ የነበረውማ ጠላት ነው። አር-105 ራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ሙሉ ሆኖ በራሱ ስም ቢሸጥልኝ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር። ያናደደኝ የእነዚያን ዘማቾች ስም መነገጃ ማድረጉ ነው። አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ያየ ሰው ንዴቴ ይገባዋል።

ቫልቮቹስ የት ገቡ? ምናለሽ ተራ ስጠይቅ ሳቁብኝ። «ሬድ ሜርኩሪ» ፍለጋ ተነቅለው ይሆናል አሉ። በድሮ ሬዲዮ ቫልቭ ውስጥ በሚሊዮን የሚሸጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ የሚለውን ወሬ ሳትሰሙ አትቀሩም። የለም። ተረት ነው። ቫልቩ መስታወት ላይ የምታዩት ብርማ ነገር ባሪየም ነው፤ ውስጥ የቀረችውን አየር እንዲውጥ የተቀመጠ። ነጭ ሆኖ ካያችሁት አየር ገብቶበታል፣ ያ ቫልቭ ሞቷል።

ለወዳጄ የመለስኩለት መልስ አጭር ነው፦ ብር ከመቁጠርህ በፊት ክዳኑ ይከፈት። «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ካለ ተነስተህ ሂድ። «በመኪና ባትሪ እናስነሳው» ካለም እምቢ በል፤ አር-105 የሚሠራው በ4.8 ቮልት ነው፣ 12 ቮልት ከሰጡት ደህናውም ቫልቭ ይቃጠላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ በጨለማ ያበሩ የነበሩትን መርፌና ቁጥሮች እንዳትፋቁ። ቀለሙ ሬዲየም ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አለ። የሚሠራ ማስተላለፊያ ብታገኙም ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አየር ላይ አይወጣበትም።

በማግስቱ ለደላላው ደውዬ ነበር። ስለ ሩሲያኛው ፊደል ስነግረው ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ አያቴ እዚያው ተለዋውጠው ይሆናል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

ወዳጄ የላከልኝን ፎቶ እንደገና አየሁት። ከሣጥኑ ጎን ያ ጥጉ የተቀደደ የወታደር ፎቶ ተደግፎ ቆሟል። በዚህኛው ሽያጭ «አጎቴ ናቸው» ተብሏል።