ደሴ ፒያሳ ያለው መጽሐፍ አከራይና የኢየሩሳሌሙ ሐኪም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ መጽሐፍ አከራይ ባለፈው ሳምንት የተከራየሁት የእንግሊዝኛ ጥራዝ፣ ከሕክምና ወደ ፖለቲካ ገብተው በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን የኢየሩሳሌም ከንቲባ ስለሆኑት ፍልስጤማዊ፣ ስለ ዶክተር ሁሴን ኻሊዲ፣ ሰፊ ምዕራፍ አለው። ስለ ቤቱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ባለቤቱ በገጾቹ መካከል ያስቀመጧት አንዲት ወረቀት ናት።

በምዕራፉ ያሉት የፈረንጅ ቀኖች ወረቀቷ ላይ ወደ እኛ አቆጣጠር ተመልሰው በእርሳስ ተጽፈዋል። «ከዚህች ጋር እያስተያየህ አንብብ፣ ልጄ» ብለው ሰጡኝ። ቤይሩት ሕክምና ተምረው በጤና መሥሪያ ቤት ያገለገሉት ኻሊዲ በመስከረም 1927 ዓ.ም. ምርጫ ነባሩን ከንቲባ ራጊብ ነሻሺቢን ሲያሸንፉ የአይሁድ መራጮችም ድጋፍ አግዟቸዋል፤ ሁለት ወገን የኔ ናት በሚላት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሚያዝያ 17 ቀን 1928 ዓ.ም. የፍልስጤም አረቦችን የፖለቲካ ትግል የሚመራው የአረቦች ከፍተኛ ኮሚቴ ሲቋቋም አባል ሆኑ፤ አረቦቹ የእንግሊዝን አስተዳደርና የአይሁድን ፍልሰት በመቃወም የጠሩት የሥራ ማቆም አድማም ተጀምሮ ነበር። ከዚያ በታች ባለቤቱ ከራሳቸው የጨመሩት መስመር አለ፦ «ሚያዝያ 30፣ ጃንሆይ ሐይፋ ወረዱ፤ ወደ ኢየሩሳሌም አመሩ።» ኅዳር ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማችንን፣ ሆስፒታሉን ጭምር፣ ሲደበድቡ እዚሁ ደሴ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በስደት የደረሱባትን ከተማ ያስተዳድር የነበረው ይኸው ሐኪም መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። መጽሐፉን አጥፌ ወረቀቷን ብቻ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ቅሬታም አለኝ። እንግሊዞች በመስከረም 1930 ዓ.ም. ኻሊዲን ከሹመታቸው አንሥተው ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ማጋዛቸውን የሚተርኩት ገጾች ተገንጥለዋል፤ እኔም ከመታሰራቸው ዘልዬ፣ ዐሥር ቀን ወዳልሞላው የሚያዝያ 1949 ዓ.ም. የዮርዳኖስ ጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ደረስሁ። ለተማሪ የጎደለ ገጽ ማከራየት አግባብ አይደለም፤ ሳይከራይ በፊት ቢነገር ይገባ ነበር። እንዲህ ላለ ጥራዝ የተፈቀደው የ3 ቀን ጊዜም ያጥራል።

ይህን ስነግራቸው ባለቤቱ አልተከራከሩኝም። የጎደሉትን ገጾች ቁጥር መዝገባቸው ላይ አሰፈሩ፣ የመጨረሻውን ቀን ኪራይ መለሱልኝ፣ ወረቀቷንም እንድገለብጣት ፈቀዱልኝ። ለመያዣ መታወቂያ ይጠይቃሉ።