ካርዱ ያምራል፣ በሩን ግን አይከፍትም፦ ጥቅል የመታወቂያ ህትመት ከመግዛታችሁ በፊት

ለመሥሪያ ቤታችሁ፣ ለትምህርት ቤታችሁ ወይም ለምትኖሩበት ሕንፃ የኤሌክትሮኒክ መግቢያ ካርድ ልታሳትሙ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። በተለይ «ካርዱ፣ ህትመቱ፣ ማንጠልጠያው፣ መያዣው፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ» የሚል ጥቅል ከቀረበላችሁ። እኛ ጋ የካርድ ነገር የሚመለከተው እኔን ነው። ጥቅሉን የመረጠው ግን ግዢ ክፍል ነው፤ መስፈርቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ ዋጋ። ሳሩን እንጂ ገደሉን ያየ አልነበረም። የሻጩን ስም አልጠራም። ስም ቀይሮ ሌላ ቦታ መክፈት ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጊዜ አይፈጅበትም፣ እናንተን የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቁ ነው።

ካርዶቹ ሲመጡ እውነትም ያምሩ ነበር። ፎቶው ጥርት ያለ፣ ሎጎው በቦታው፣ ስሙ በትልልቁ። ሁሉም የራሱን ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ያስጠጋል፣ ቲት ይላል፣ ያልፋል። ቀጣዩ ያስጠጋል፣ ዝም። ይገለብጠዋል፣ ዝም። በሸሚዙ ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል፣ አሁንም ዝም። ጥበቃው መጨረሻ ላይ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሰውን በፊት እያወቀ ማስገባት ጀመረ። ይህ ሁሉ ወጪ የወጣው በሩ ለማንም እንዳይከፈት እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ለሻጩ ስንደውል መልሱ አፉ ላይ ነበር። «ከስልክ ጋር አብራችሁ ይዛችሁት ነው፣ ማግኔቱ ቺፑን አጠፋው» አለን። ይህን ሰበብ እናንተም መስማታችሁ አይቀርም፣ ስለዚህ መልሱን ያዙት። ማግኔት የሚያጠፋው ከካርዱ ጀርባ ያለውን ጥቁር ወይም ቡናማ የማግኔት መስመር ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። ደካማው 300 ኦርስቴድ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ስለሆነ የቦርሳ ማግኔት ይበቃዋል፣ ጠንካራው ግን 2750 ወይም 4000 ስለሆነ በቀላሉ አይነካም። ሳትነኩት ጠጋ ስታደርጉት ብቻ የሚሠራው ባለቺፕ ካርድ መረጃውን በማግኔት አይደለም የሚይዘው። ስልክ፣ ሳንቲም ወይም ሌላ ብረት አጠገቡ ካለ ለጊዜው ላይነበብ ይችላል፣ ሁለት ካርድ ተደራርቦም ሪደሩ፣ በሩ ላይ ያለው ካርድ አንባቢ፣ ሊደናገር ይችላል። ለየት አድርጋችሁ ስታስጠጉት ግን ይሠራል። የኛዎቹ ለብቻቸውም አልሠሩም።

ነገሩ የገባኝ የሞቱትን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ነው። ማንጠልጠያው የሚገባበት ቀዳዳ በሁሉም ላይ አንድ ቦታ አልነበረም። በአንዱ ጠርዙ ላይ ጥግ ይዟል፣ በሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል። እንደዚህ ዓይነት ካርድ ውስጥ ባትሪ የለም። ያለው አንድ ቺፕና ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን ደጋግሞ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ሪደሩ የሚለቀው ሞገድ ሽቦው ላይ ሲያርፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ቺፑም በዚያ ጉልበት ነቅቶ ቁጥሩን ይናገራል። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ አለቀለት። አንዱን ካርድ አንሥቼ ቀዳዳውን በደንብ ስመለከት በተቆረጠው ፕላስቲክ ውስጥ ቀያይ ነጥቦች ያብለጨልጫሉ። መዳብ! ሰውየው ሽቦውን በመብሻ በጥሶት ማንጠልጠያ አስገብቶበታል። ጥቂቶቹ ደግሞ ለትንሽ ተርፈው ቀዳዳው ሽቦውን ጫፉ ላይ ብቻ ነክቶታል፤ እነሱ ለጊዜው ሠርተው ማንጠልጠያው ሲጎትታቸው ሲጎትታቸው ቆይተው ሞቱ፣ ሻጩም ለእነዚህ «አያያዝ ነው» አለ።

ማንም ሰው ቤቱ ሊፈትሸው የሚችል ነገር ነው። ያልታተመበትን ነጭ ካርድ በስልክ መብራት ላይ ደገፍ አድርጋችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ የሽቦው መስመርና የቺፑ ጥላ ይታያል። መበሳት ካለበት ከሽቦው ውጭ ብቻ ነው፣ ያውም አምራቹ ለመብሻ ብሎ ምልክት ያደረገበት ቦታ ካለ እዚያው ላይ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመብሳት ነው፤ ቀዳዳው ካርዱ ላይ ሳይሆን መያዣው ላይ ይሁን።

ወደ ህትመቱ ስንመጣ፣ የካርድ ፕሪንተር በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚሞቀው ጭንቅላት ሪበኑን፣ ማለትም ቀለም የተቀባውን ስስ ጥቅል ፊልም፣ ካርዱ ላይ ተጭኖ ቀለሙን በቀጥታ ያሳርፋል። ይህ ርካሹ ነው፣ ለተራ ነጭ ፕላስቲክ ምንም እንከን አይወጣለትም። ባለቺፕ ካርድ ላይ ግን ቺፑ ያለበት ቦታ በዓይን የማይታይ ትንሽ ጉብታ ወይም ስርጉድ ይኖረዋል፣ ቀለሙም እዚያ ላይ በደንብ አያርፍም። የኛ ሒሳብ ሹም ጉንጫቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። (ፎቶውን ወደ ሌላኛው ጎን ቢያዞሩት ችግሩ ይቃለል ነበር፣ የሚያስብ ከነበረ።) ሁለተኛው፣ ሪትራንስፈር የሚሉት፣ መጀመሪያ ስሱ ፊልም ላይ ያትምና ፊልሙን በሙቀት ካርዱ ላይ ይለጥፈዋል። ጭንቅላቱ ካርዱን ስለማይነካው ጉብታው ብዙ አያስቸግረውም፣ ቀለሙም እስከ ጠርዙ ይደርሳል። ካርዳችሁ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ክፈፍ ካለው በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓይነት የታተመ ነው። በሁለተኛው ዓይነት አስከፍሏችሁ በመጀመሪያው አትሞ የሚያመጣ አለና ጠርዙን እዩ።

ሪበኑ ላይ ደግሞ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሲያን፣ ጥቁር፣ ከዚያ በመጨረሻ ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን በተራ ይመጣሉ። በቀጥታ ከታተመ ካርድ ላይ ያቺ የመጨረሻዋ ከተዘለለች ካርዱ ሲመጣ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ቆይቶ ግን ፎቶው ይደበዝዛል፣ ጥቁሩ ስም ከቁልፍና ከኪስ ጋር ሲፋተግ ይላጣል። ናሙና ሲሰጣችሁ ስሙ ላይ በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉበት። ሻጩ ፊቱን ካጨማደደ መልሱን አግኝታችኋል።

ሌላ ደግሞ አለ። ወፈር ያለው፣ እንደ ቀፎ ሁለት ገጽ ሆኖ የተገጠመው፣ በ125 ኪሎኸርዝ ሞገድ የሚነበበው ካርድ ውፍረቱ 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፕሪንተሮቹ የተሠሩት ለ0.76 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ «በቀጥታ እናትማለን» የሚል ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ለእሱ የሚሆነው ቀጭን ተለጣፊ ፕላስቲክ ላይ አትሞ መለጠፍ ነው፣ እሱም ነውር የለበትም፣ ዋጋውን እንደ ተለጣፊ እስካስከፈለ ድረስ።

በነጻ ተጨመረልን ያልነው መያዣም የራሱን ጉዳት አደረሰ። ለስላሳ፣ ተጣጣፊ፣ አዲስ ሲሆን ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸት ነው። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ህትመቱ ይገባና ቀለሙን ይስበዋል። ካርዱን ስታወጡት የሰውየው ፊት ግማሹ መያዣው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጠንካራውን፣ የማይተጣጠፈውን ዓይነት ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ቢበዛ ገንዘብ ነው፣ ይኼኛው የበራችሁ ጉዳይ ነው። ጥቅሉ ላይ «ሊኮረጅ የማይችል ስማርት ካርድ» ይላል። ኤንኤፍሲ (እንዲህ ያለ ካርድ ጠጋ ሲል የሚያነብ ክፍል) ባለው ስልክ አስነብቤ ሳየው ማይፌር ክላሲክ የሚባለው ቺፕ ነው። የዚህ ቺፕ ምስጢራዊ አሠራር ክሪፕቶ ዋን ይባላል፣ ከ2008 ጀምሮ የተሰበረ መሆኑ በአደባባይ ይታወቃል፤ የኔዘርላንድ ራድቦድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወቅቱ አሳይተውታል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ሻጩ የቺፑን ቁልፍ፣ ማለትም መረጃውን የሚከፍተውን የምስጢር ቁጥር፣ እንኳ አልቀየረውም። ከፋብሪካ የመጣው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ኤፍ የሆነው፣ ማንም የሚያውቀው ቁልፍ እንዳለ ነው። የ125 ኪሎኸርዙማ አብዛኛው ጭራሽ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ቁጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፣ በረከሰ መሣሪያ ባዶ ካርድ ላይ መገልበጥ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ስልካችሁም አያነበውም፣ ስልክ የሚያነበው የ13.56 ሜጋኸርዙን ነው።

የተሻለውን፣ ዴስፋየር የሚባለውን ቺፕ ብትገዙም ሪደራችሁ የቺፑን መለያ ቁጥር ብቻ እያነበበ በር የሚከፍት ከሆነ ትርፉ ወጪ ነው። ሻጩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ሪደሩ ቁልፍ ይጠይቃል ወይስ ቁጥር ብቻ ያያል?» ቀጥሎም «ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» እኛ ይህን ስንጠይቅ «እኛ ጋ ነው፣ እናንተ አታስቡ» አለን። እንዴት አናስብ! ቁልፉ እሱ ጋ ከሆነ ነገ አንድ ካርድ ለመጨመር እሱ የጠራውን ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ እሱም ሲፈልግ የናንተን ካርድ መሥራት ይችላል።

ቁጥሮቹም ላይ ጉድ ነበር። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ባለ26 ቢት የካርድ አቆጣጠር የቦታ ኮዱ፣ ድርጅቱን የሚለየው ቁጥር፣ ከ0 እስከ 255፣ የካርድ ቁጥሩ እስከ 65,535 ነው። ለሁሉም ክፍት ስለሆነና የሚቆጣጠረው ስለሌለ ማንም ሻጭ ያንኑ ቁጥር ደግሞ ሊያዝ ይችላል። ለኛ የመጡት የተወሰኑት ቀድሞ ከነበሩን ቁጥሮች ጋር አንድ ሆኑ፤ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ስትገባ መዝገቡ ያሳይ ነበር።

ለአቤቱታ ሱቁ ድረስ የሄድን ዕለት ያየሁት ግን ከሁሉም ባሰብኝ። ያገለገለ ሪበን ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሳብ አድርጌ ወደ ብርሃን ሳነሣው በጥቁሩ ክፍል ላይ የሰው ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር በተራ በተራ፣ ፊደሉ የተላጠበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሪበን አንዴ የታተመበትን ያስቀራል። የሌላ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፣ የኛዎቹም እንደዚያው ተጥለው እንደሚሆን ነጋሪ አያስፈልገኝም። ስለዚህ ውል ላይ ያገለገለው ሪበን እንዲመለስላችሁ ወይም ፊታችሁ እንዲቆራረጥ፣ የፎቶና የስም ፋይሉም ሥራው እንዳለቀ ከኮምፒውተሩ እንዲጠፋ አስጽፉ። ካርዱ ላይ አድራሻ አታሳትሙ። የጠፋ ካርድ ያገኘ ሰው የትኛውን በር እንደሚከፍት አብሮ ማወቅ የለበትም፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይበቃል።

አያያዙ ብዙ አያነጋግርም። የኋላ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ አትቀመጡበት፣ ሲታጠፍ ሽቦው ከቺፑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይላቀቃል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፣ ካርዱ የሚሠራበት ተራ ፕላስቲክ (ፒቪሲ) ይጣመማል። በአልኮልና በሳኒታይዘር አትወልውሉት፣ ህትመቱን ያነሣዋል፤ ትንሽ እርጥብ የሆነ ለስላሳ ጨርቅ በቂ ነው። ውኃ ቢነካው አይሞትም።

ከዚህ በኋላ የምንገዛ ከሆነ አከፋፈሉ የሚሆነው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ከመታተሙ በፊት ይነበባል፣ ከታተመ በኋላም በራሳችን ሪደር እንደገና ይነበባል፣ ቀሪው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚያ ወዲያ ነው። በሻጩ ሪደር ላይ ቲት ማለቱ ለኛ ምንም አይደለም። የቺፑ ዓይነት በሙሉ ስሙ ደረሰኙ ላይ ይጻፋል፣ «ስማርት ካርድ» የሚለው ቃል አይበቃም።

እንዲህ ዓይነት ጥቅል ገዝታችሁ ካርዶቹ እየሞቱባችሁ ከሆነ ደግሞ የሞቱትን አትጣሏቸው። ቁጥራቸውን ዛሬውኑ ከሲስተሙ ሰርዙ፣ ምክንያቱም ለእናንተ የሞተ ካርድ ቁጥሩ ሌላ ካርድ ላይ ተጽፎ ሊመጣ ይችላል። ካርዶቹን ቀዳዳው እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፣ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ሻጩ ጋር ጉዳዩ ሲያልቅ ቺፑ ላይ በመቀስ ቆርጣችሁ ትጥሏቸዋላችሁ።