የተሰነጠቀ የሱስፔንሽን ክንድ፦ ይበየድ ወይስ አዲስ ይሠራ?

የሱስፔንሽን ክንድ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው። በጅማ ክረምት ቀዩ ጭቃ ስንጥቁን ይደብቀዋል። ክንዱን አጽድተው ናፍታ ይቀቡት፤ ጠርገው የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ናፍታው ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ብቅ ይላል።

ብየዳ፦ ርካሽና ፈጣን ነው። በእጅ የተገጣጠመ መኪና ክንድ ከተራ ብረት ቱቦ ከሆነ ያስኬዳል። ሆኖም የስንጥቁ ጫፍ ካልተበሳና ውስጡ ካልተሞረደ ብየዳው ልባስ ብቻ ነው፤ ብረቱ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ክንዱ ከባሌስትራ (ከመኪና ሞላ) ብረት ከተሠራ ግን አይሞከርም! ሙቀቱ ጥንካሬውን ይገድለዋል።

አዲስ ማሠራት፦ ውድ ነው፣ መኪናውም ይቆማል። ልኩ ከተሳሳተ ጎማ ይበላል።

ክንዱ ከተጣመመ ወይም ዳግም ከተሰነጠቀ፣ በተለይ ኮረኮንች ላይ ለሚነዳ፣ አዲሱ ይሻላል። ለከተማ ብቻ ለሚነዳ፣ ክንዱ ተራ ብረት ቱቦ ሆኖ ስንጥቁ ትንሽ ለሆነበት ብየዳ ይበቃል። በሁለቱም ያለቀ ጎሚኒ (በክንዱ ማያያዣ ላይ ያለው ላስቲክ) ይቀየር፤ ብሎኖቹም መኪናው በጎማው ቆሞ ይጠበቁ።