ዳ ሲያኦ ኮሎኔል ነው ጄኔራል? የቻይናና የአሜሪካ አየር ኃይል ማዕረጎች

የቻይና አየር ኃይል የመኮንንነት ማዕረጎች 10 ናቸው፤ የአሜሪካም እንዲሁ 10። ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን ከታች ሰባተኛው ላይ ነገር ይበላሻል።

የቻይናው ስያሜ ለማስታወስ ቀላል ነው። ከታች ወደ ላይ ዌይ (እስከ ሻምበል)፣ ሲያኦ (ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል)፣ ጂያንግ (ጄኔራሎች) የሚባሉ ሦስት እርከኖች አሉ፤ ከፊታቸው ሻኦ፣ ዦንግ ወይም ሻንግ ይገባል፤ ታናሽ፣ መካከለኛና የላይኛ እንደማለት። ሻኦ ዌይ ምክትል መቶ አለቃ፣ ሻንግ ዌይ ሻምበል፣ ሻኦ ሲያኦ ሻለቃ ነው። የአሜሪካው ግን ከመሸምደድ ሌላ መላ የለውም፦ ሜጀር ከሌተና ይበልጣል፣ ሜጀር ጄኔራል ግን ከሌተና ጄኔራል ያንሳል! የእኛም ጄኔራሎች ይህንኑ ወርሰዋል።

አስቸጋሪው ሰባተኛው፣ ዳ ሲያኦ ነው፤ "ትልቁ ሲያኦ" ማለት። በቅደም ተከተል ከብርጋዴር ጄኔራል ትይዩ ይቀመጣል፤ በስሙ ግን ገና ከኮሎኔሎቹ ወገን ነው። ስለዚህ "ከፍተኛ ኮሎኔል" ብሎ መተርጎሙ ይሻላል ባይ ነኝ። ትከሻው ላይ አራት ኮከብ ስላለ አሜሪካዊ ቢያየው ሙሉ ጄኔራል ሊመስለው ይችላል። ከሱ በላይ ያለው ሻኦ ጂያንግ ደግሞ የሚያደርገው አንድ ኮከብ ብቻ ነው፤ ሆኖም የሚተረጎመው ሜጀር ጄኔራል ተብሎ ነው፣ በአሜሪካ ሁለት ኮከብ ያለው።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ1965 ማዕረግን ጨርሳ ሰርዛ ነበር፤ የመለሰችው በ1988 ነው።