ሽሮ ሜዳ አጠገብ የገዛሁት ሥዕል፦ ስለ ጋለሪው፣ ስለ ማሸጊያውና ስለ ፈቃዱ

የሥዕል ፍሬም መሥራት መተዳደሪያዬ ከሆነ 22 ዓመት አልፎኛል። ጋለሪ ስገባ ዓይኔ ከሥዕሉ አስቀድሞ ጠርዙን ነው የሚያየው፤ ሸራው የተወጠረበት እንጨት ጠምሞ እንደሆነ፣ ማዕዘኑ ገጥሞ እንደሆነ። ከተፈቀደልኝም ሥዕሉን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ባለፈው ጥር ለሦስት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ይህንኑ ዓይን ይዤ ነበር። የተገለገልኩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሆቴሉን ባጭሩ ልለፈው፤ ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ውሃ ሁለት ቀን ቢጠፋም በበርሜል እየቀዱ አድርሰውልናል፣ አስተናጋጆቹም ሰው አክባሪዎች ናቸው። ስለ ታክሲና ስለ ሲም ካርድ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ መጻፍ የምፈልገው ሥዕል ስለገዛሁበት ጋለሪ ነው።

ጋለሪው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቀድሞ መኖሪያ ቤት በነበረ ግቢ ውስጥ ይገኛል። 14 ሠዓሊዎች ኪራዩን ተካፍለው ይዘውታል። በየተራ በር ይከፍታሉ፣ በየተራ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ከተሸጠው ሥራ ከመቶ 20 ለቤቱ ወጪ ይውላል። ስሙን የማልጠራው ጉድለቱንም ስለምጽፍ ነው። ያንኑ ጉድለት በሌሎችም ቦታዎች ስላየሁት በእነርሱ ላይ ብቻ መለጠፉ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ከ14ቱ ገሚሶቹ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ምሩቃን ናቸው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ትምህርት ቤት ስንቱን እንዳፈራ አንባቢ ያውቃል፤ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣሊያኑ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢዬናሌ፣ የራሷን ማሳያ ስትከፍት ሥራዎቹን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳም እዚያው የተማረ ነው። የቀሩት ሠዓሊዎች ራሳቸውን ያስተማሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጡ፣ አንዱም ቀን ቀን ብረት የሚበይድ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚታየው እጅግ የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ብራና ላይ የተሣሉ ቅዱሳን ዓይናቸውን አፍጥጠው ይቀበሏችኋል። በሚቀጥለው ክፍል የከሰል ሥዕሎች፣ ከተቀረጸ እንጨት የታተሙ ጥቁርና ነጭ ኅትመቶች፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የተረፈ ክር ተጠላልፎ የተሠራበት ትልቅ ግድግዳ አለ። በጓሮው ደግሞ ከመኪና ቁርጥራጭ የተበየደ በሬ ቆሟል። የበሬው አንገት ላይ ያለው ብየዳ ሳይሞረድ እንዳለ ተትቷል፤ ቀንበር የላጠውን ቆዳ ይመስላል። ከዚያ በሬ ፊት ብዙ ቆሜአለሁ።

ከብራናው ሠዓሊ ጋር የተጫወትነውን መርሳት አልችልም። የፍየሉን ቆዳ ራሱ ነው የሚያዘጋጀው፤ ይዘፈዝፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። ሥራው ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ብራና ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መስታወት ከተጫነው ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ከመስታወቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በመካከላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ብራናውም በሙጫ ተለጥፎ ሳይሆን በጠርዙ በክር ተይዞ መቀመጥ አለበት። ይህን ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እኛም እናውቃለን። ግን ፍሬም ቤቱ ወስዶ እንዲህ አድርጎ ይመልስልናል፤ ገዢም መስታወት ይወዳል» አለኝ። በማግስቱ ቀጭን እንጨት ይዤ ሄጄ ሁለቱን አብረን ፈታን፣ አብረን ገጠምን። እስክንድር ቦጎሲያን በፍየል ቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ የሠራቸው ሥዕሎች በትላልቅ ሙዚየሞች እንዴት ተጠብቀው እንደሚታዩ ባስታወስኩ ቁጥር የዚህ ወጣት ሥራ ያንኑ ጥንቃቄ እንደሚገባው ይሰማኛል። ለእህቴ አንድ ትንሽ ብራና ከእርሱ ገዛሁ።

ለራሴ የገዛሁት ግን ሌላ ነው። በመጨረሻው ክፍል፣ ከመስኮቱ በተቃራኒ፣ ከላይ ወደ ታች የታየ የሸማኔ ጉድጓድ ተሰቅሏል። የሸማኔው ፊት አይታይም። የሚታየው ከሆዱ በታች ነው፤ የተወጠረው ድር፣ ከሥሩ ያለው ጨለማ፣ በጨለማው ውስጥ መርገጫው ላይ ያረፉ ሁለት እግሮች። ቀለሙ አመድና ሰማያዊ ነው፤ ተረከዞቹ ብቻ ቀላ ብለዋል። ሠዓሊዋ ከውጭ የሚመጣ ሸራ ስለሚወደድባት አቡጀዲ ወጥራ፣ ሙጫ ቀብታ፣ ነጩን ቀለም ሦስት ጊዜ እየደረበችና በአሸዋ ወረቀት እያለሰለሰች ነው የምትሠራው። ጀርባውን አሳየችኝ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሙጫው በእኩል ተዳርሷል፣ ጨርቁ የላላበት ቦታ የለም። የእንጨቱ ማዕዘን ግን በምስማር ብቻ የተያዘ ስለነበር ጠምሟል። ዋጋው 38,000 ብር ነው። ለመከራከር አፌን አልከፈትኩም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። ከሥዕሉ ሥር በተለጠፈችው ወረቀት ላይ የሠዓሊዋ ስምና ዋጋው አለ፤ ከዚያ በላይ በእንግሊዝኛ «ርእስ የለውም» የሚል ተጽፏል። ዓመተ ምሕረት የለም፣ የተሠራበት ነገር አልተገለጸም፣ አማርኛ የሚባል የለም። ግድግዳውን ዞሬ ቆጠርኩ፤ የዘጠኙ ሠዓሊዎች መግለጫ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በምኖርበት ከተማ ደንበኞቼ አባታቸው ወይም አያታቸው ከ40 ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ያመጡትን ሥዕል ይዘውልኝ ይመጣሉ። «የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ?» ይሉኛል፤ ከዚያ አገር ነኝና። ገልብጬ አያለሁ። ባዶ ነው። አንዳንዱ የእውነት ታላቅ እጅ ያረፈበት ሥራ ነው፣ በቀለም አቀባቡ ይታወቃል፤ የሠዓሊው ስም ግን ከገዢው ጋር ሞቷል። በዚያው ሳምንት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልን ጎብኝቼ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በስደት፣ አሜሪካ ውስጥ አረፈ፤ ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያ ተሰቅለዋል። እነዚያ ሥዕሎች መመለስ የቻሉት የማን እንደሆኑ ስለታወቀ ነው። ስም የሌለው ሥዕል ማን ብሎ ወደ ቤቱ ይጠራዋል?

የአማርኛው መጥፋት ደግሞ በዓይኔ ፊት ጉዳት ሲያደርስ አየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት አዛውንት ሸማኔዎች፣ የሰፈሩ ሰዎች፣ «የእኛን ሥራ ሥለውታል አሉ» ብለው መጡ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። አንደኛው ወረቀቷን በጣታቸው እየነኩ፣ «ምን ይላል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ርእስ የለውም እንደሚል ነገርኳቸው። «እንዴት የለውም?» አሉ። ከዚያ ሥዕሉን ደግመው አዩና ሠዓሊዋን ጠሯት።

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ሸማኔ ሲሠራ አንዱ እግሩ ይወርዳል፣ ሌላው ይነሣል። የአንቺዎቹ እኩል ናቸው።»

ልጅቱ ሥዕሏን አየች፤ እኔም አየሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሳየው ያላስተዋልኩት ነገር ነው። «አረፍ ያለበት ሰዓት ነው አባባ» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። «እንግዲያው ማግ አልቆበት ነው» አሉ፤ ፊታቸውም በራ። ጓደኛቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም ሻይ ጠጥተው፣ በጓሮው በሬ ተደንቀው፣ ሠዓሊዎቹን መርቀው ሄዱ። የሰፈር ጋለሪ ከየትኛውም ሙዚየም የሚበልጥበት ቀን አለ፤ እኔ ያየሁት አንዱን ነው። በግድግዳው ላይ ሁለት መስመር አማርኛ ቢኖር ደግሞ እኔን ለአስተርጓሚነት ባላስፈለጋቸው ነበር። ይህን ለሠዓሊዎቹ በግልጽ ነገርኳቸው፤ አልተቀየሙኝም።

ክፍያው ጊዜ ወሰደ። ከውጭ የያዝኩት ካርድ እዚያ አይሠራም፤ ስለዚህ በባንክ መንዝሬ ወደ ጋለሪው ሒሳብ አስገባሁ። ተረኛው ሠዓሊ ባንክ ድረስ አብሮኝ ሄዶ ወረፋ ጠበቀልኝ። የመጀመሪያው ደረሰኝ «ሥዕል 1» ብቻ ይል ነበር። የሠዓሊዋ ስም፣ መጠኑ፣ ዓመቱና የተሠራበት ነገር ተጨምሮ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ፤ ሳያጉረመርሙ ጻፉልኝ። እናንተም ጠይቁ። ያ ደረሰኝ በኋላ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ማሸጊያው ላይ ደነገጥኩ። ረዳቱ ልጅ ሸራውን ከእንጨቱ ላይ አውልቆ የተሣለውን ገጽ ወደ ውስጥ አድርጎ ሊጠቀልለው፣ ከላዩም ፊኛ ያለውን ፕላስቲክ ሊያለብሰው ነበር። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስሕተት ነው። ቀለሙ ወደ ውስጥ ከሆነ ተጨፍልቆ ይሸበሸባል። ገጹ ወደ ውጭ ነው መሆን ያለበት፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ትንሽ ይለጠጥና ሲዘረጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። የፊኛው ፕላስቲክም በቀጥታ ቀለም ከነካ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል፤ በመካከሉ ንጹሕና ለስላሳ ወረቀት ይግባ። ቱቦው ሰፊ መሆን አለበት። ከሰፈሩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ 11 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ አስቆረጥኩና ሸራውን በላዩ ላይ ጠቀለልነው። ሥዕሉ ጥቅምት ላይ ያለቀና ቀለሙ ስስ ሆኖ የተቀባ በመሆኑ ይህን ቻለ፤ ወፍራም የዘይት ቀለም ቢሆን ኖሮ ሳይጠቀለል፣ በሣጥን ካልሆነ ባልተነቃነቀ ነበር። ረዳቱ ልጅ እያንዳንዱን ነገር በስልኩ ቀረጸ፤ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የጭነት ወኪሎችንም ጠይቄ ነበር፤ ሥዕሉ ቢጎዳ ማን ይከፍላል ስል የረባ መልስ ስላላገኘሁ በእጄ ይዤው ለመሄድ ወሰንኩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ ሥዕል ቅርስ አይደለም፤ ነገር ግን አየር ማረፊያ ላይ የቆመ ፈታሽ በተጠቀለለ ሸራ ውስጥ ያለው የአምና ይሁን የመቶ ዓመት በምን ያውቃል? ብራና ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል፤ ቢጠራጠርም ልክ ነው፣ ከዚህች አገር ስንት ብራና በሻንጣ ወጥቷል! ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ሳላሽግ፣ ከነፎቶግራፋቸውና ከነደረሰኛቸው ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወስጄ አሳየሁ፤ ከቀትር በፊት ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ይህን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። እኔ በረራዬ ሊደርስ አራት የሥራ ቀን ሲቀረው ሄጄም ልቤ አላረፈም ነበር።

ከመሄዴ በፊት ሠዓሊዋን አንድ ነገር ለምኛት ነበር፤ በሸራው ጀርባ፣ ከጠርዙ በኩል፣ በማይለቅ ቀለም ስሟን፣ ዓመቱንና የተሠራበትን ነገር እንድትጽፍልኝ። ስትጽፍ እዚያ ስላልነበርኩና ስንጠቀልለውም ጀርባውን ስላላየሁ ምን እንደጻፈች አላወቅኩም። ቤቴ ገብቼ ሸራውን ሁለት ቀን በጠረጴዛዬ ላይ አሳረፍኩት፤ በሦስተኛው ቀን ማዕዘኑ የተቆላለፈ አዲስ እንጨት ላይ ልወጥረው ገለበጥኩት። ስሟ አለ። «ጥቅምት፣ ሽሮ ሜዳ» የሚል ከነዓመተ ምሕረቱ አለ። «የዘይት ቀለም በአቡጀዲ ላይ» የሚልም አለ። ከሁሉም በላይ፣ ጎላ ባለ ፊደል፣ «ማግ ያለቀበት» ተብሎ ተጽፏል።