ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ፓስዎርድ? የጣት አሻራ ያለው ላፕቶፔ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ላፕቶፕ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ከመስቀል በኋላ ነበር፤ አሁን ፊቼ ጫምባላላም አልፏል። ሥራዬ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኗል፣ የጣት አሻራ ማንበቢያም አለው። ስለ ፍጥነቱና ስለ ባትሪው ብዙ አልልም፤ ሁለቱም ለሥራዬ ይበቃሉ። ላነሳ የፈለግኩት ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ስለሚመጣው የፓስዎርድ ጥያቄ ነው።

ኮፒ ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ተተክሎ የሚውል ሰው የለም። ሲቪ ስጽፍ ቆይቼ ኮፒ ለማንሳት እነሳለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ መልስ እቆጥራለሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጠፍቷል። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጣቶቼን እያየ ፓስዎርድ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ይሄ ከጠዋት እስከ ማታ ሲደጋገም ያሰለቻል። ብዙ ሰው ሲሰለቸው ፓስዎርዱን ጭራሽ ያጠፋዋል። እኔ ይህን ማንንም አልመክርም። እኛ ጋ የሰው ፋይዳ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ይገባል። አደራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕግም ሆኗል።

የስክሪን መጥፋት፣ ስሊፕ መግባት (ላፕቶፑ ሳይዘጋ የተከፈተውን ሥራ ይዞ ማረፉ) እና መቆለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ። በቀድሞው ላፕቶፔ ስክሪኑ ብቻ ከጠፋ ማውዙን ነካ ሳደርገው ሥራዬ ላይ ይመልሰኝ ነበር። ፓስዎርድ የሚጠይቀው ስሊፕ ገብቶ ሲነቃ ነው። የአሁኑ ግን ሞደርን ስታንድባይ የሚባለውን አሠራር ይጠቀማል። በዚህ አሠራር የመቆለፊያው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ስክሪኑ ከጠፋበት ቅጽበት ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሴቲንግስ ግቡ፣ አካውንትስ የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ ሳይን ኢን ኦፕሽንስን ክፈቱ። ከላፕቶፑ ርቃችሁ ስትመለሱ መቼ እንደገና ማንነታችሁን ይጠይቅ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ምርጫው በፍጹም አይጠይቅ ወይም ከስሊፕ ሲነቃ ይጠይቅ ብቻ ከሆነ የቆየው ዓይነት ነው። 1፣ 3፣ 5፣ 15 ደቂቃ እያለ ከዘረዘረ እንደኔው ነው። እኔ 3 ደቂቃ ላይ አድርጌዋለሁ። አንድ ገጽ ኮፒ አድርጌ ስመለስ አይጠይቀኝም፤ ወሬ ይዞኝ በር ላይ ከቆየሁ ግን ይቆለፋል። ሆን ብዬ ስወጣ ደግሞ ደቂቃ አልጠብቅም፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤል ጋር እጫናለሁ፣ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስክሪን የሚጠፋበትና ስሊፕ የሚገባበት ሰዓት ሁለት ሁለት ቦታ ነው የሚሞላው፤ አንዱ ቻርጀር ሲሰካ፣ ሌላው በባትሪ ሲሠራ። የሚገኙት ሲስተም ውስጥ፣ ፓወር ኤንድ ባተሪ የሚለው ገጽ ላይ ነው። እኛ አገር መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ወዲያው ወደ ባትሪው ሰዓት ይዞራል። የባትሪው ሰዓት አጭር ከሆነ፣ ጠዋት ሰላማዊ የነበረው ማሽን ከሰዓት በኋላ በየደቂቃው እየጠፋ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ጥገና የሚወስደው ያኔ ነው። በባትሪም ቢሆን ለስሊፑ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት፤ ስክሪኑ ግን ቶሎ ይጥፋ። ብዙ ባትሪ ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ስክሪን ነው።

አሁን ወደ አሻራው። ላፕቶፑን እንድወደው ያደረገኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ፒን ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ጣታችሁን ታስመዘግባላችሁ። ፒኑ የሚሠራው እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው። የማይክሮሶፍት አካውንት ፓስዎርድ ግን ኢሜይልንም ሌላውንም ከየትም ቦታ ይከፍታል። ስለዚህ ደንበኛ ፊት የሚጻፍ ነገር ካለ ፒን ይሻላል። አሻራው ደግሞ ጭራሽ የሚታይ ነገር የለውም። የአሻራው መረጃም እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ኢንተርኔት አይላክም።

ጣት እርጥብ ከሆነ ግን አያነብም። በሀዋሳ ሙቀት እጅ ያልባል፣ እኛ ደግሞ ከቶነር ዱቄትና ከአሻራ ቀለም ጋር ነው የምንውለው። ውል አስፈርሜ ጣቴን ሳልጠርግ ከነካሁት እምቢ ይላል። ደጋግሞ እምቢ ካለ ፒን ይጠይቃል። ለዚህ የረዳኝ የሁለቱንም እጅ ጣቶች ማስመዝገብ ነው፤ አውራ ጣት ቀለም ሲነካው የግራው ሌባ ጣት ይሠራል። ማንበቢያውን ማታ ማታ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። እስካሁን አልደከመም።

ዳይናሚክ ሎክ የሚባለውንም ሞክሬዋለሁ። ስልካችሁን በብሉቱዝ ታገናኛላችሁ፤ ስልኩ ሲርቅ ላፕቶፑ ራሱን ይቆልፋል። ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ስልኩ ከክልሉ አይወጣምና። ለምሳ ወደ አሞራ ገደል ስወርድ ግን መቆለፉን ስለማውቅ አሳዬን ተረጋግቼ እበላለሁ።

ረዳት ያላችሁ ሰዎች የረዳታችሁን ጣት በራሳችሁ አካውንት ላይ አታስመዝግቡ። የተመዘገበ ጣት ሁሉ የእናንተን ፋይል ነው የሚከፍተው። የኔ ረዳት የራሱ አካውንት አለው። የጋራ ሥራዎች አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ የቀረው ለየብቻ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ ሳይን ኢን ኦፕሽንስን ሻጩ ፊት ክፈቱ። ተመሳሳይ ስም ይዘው አሻራ ያላቸውም የሌላቸውም ላፕቶፖች አሉ፤ የአሻራ አማራጩ ከሌለ ወይም አይሠራም ካለ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። አጥፍታችሁም አስነሱት። ገና ዊንዶውስ ሳይገባ ፓስዎርድ ከጠየቀ ያ የባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም፣ ፓስዎርድ ነው፤ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አያነሳውም። ሻጩ እዚያው እፊታችሁ ካላነሳው አትግዙት።