ከቶኪዮ ለአንድ ቀን ድንገት ለመውጣት የትኛው ትኬት ያዋጣል?

ለጉብኝት የሚመጣ ዘመድ የሚገዛው የጃፓን ሬል ፓስ፣ ማለትም በመላ አገሪቱ ባቡር እንደልብ የሚያሳፍረው ትኬት፣ ጃፓን ለምንኖር ሰዎች አይሆንም። የተፈቀደው በአጭር ጊዜ ጎብኚነት ለገባ ሰው ነው፤ የመኖሪያ ካርድ የያዘ የውጭ ዜጋ አይጠቀምበትም። ኦክቶበር 2023 ላይ የሰባት ቀኑ ከ29,650 ወደ 50,000 የን ስለዘለለ ብዙም አያስቆጭ። የሚቀሩን ምርጫዎች ሱይካ የሚባለውን፣ ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላውን ካርድ የጣቢያው በር ላይ አስነክቶ መሄድ፣ ሴይሹን 18 የሚባለው የወቅት ትኬት፣ የጄአር (የጃፓን ዋናው የባቡር ድርጅቶች ቡድን) ቶኪዮ ዋይድ ፓስ፣ የረጅም ርቀት አውቶብስና ለአጭር ጊዜ የሚከራይ የጋራ መኪና ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አየሩን አይቶ ለሚወስን ሰው ዋናው ጥያቄ «ስንት ይቀንስልኛል?» አይደለም። «ዘንቦ ብቀርስ ስንት ይበላኛል?» ነው። ከታች ያሉት የጄአር ዋጋዎች ከማርች 2026ቱ ጭማሪ በፊት በነበረው ታሪፍ ላይ ተመሥርተው የተጠጋጉ ናቸው።

ሱይካና የግል ባቡሮች

ብትቀሩ ምንም አትከስሩም፤ ለድንገተኛ ጉዞ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ቁም ነገሩ ግን ካርዱ ሳይሆን የምትሳፈሩበት መስመር ነው፤ ኬዮ፣ ኦዳክዩ፣ ቶቡና ኬይሴይ የግል ድርጅቶች መስመሮች ናቸው። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ታካኦ ተራራ ሥር ለመድረስ 430 የን፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃል። በኦዳክዩ እስከ ኦዳዋራ 910 የን ነው። በቤተ መቅደሶቿ ወደምትታወቀው ኒኮ ልዩነቱ ይሰፋል፦ በቶቡ ከአሳኩሳ 1,400 የን ሲሆን፣ በጄአር በኡትሱኖሚያ ዞሮ መሄድ 2,600 የን ገደማ ይፈጃል፤ በጊዜም አይቀድምም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በካትሱሺካ፣ በዮትሱጊ አካባቢ ላለ ሰው ቶቡ ደጃፉ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በኬይሴይ ኦሺአጌ ወርዳችሁ፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሚናሚ ኩሪሃሺ የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ያዙና እዚያ ቀይሩ። አንዳንዱ ቅያሪ ሺን ቶቺጊ ላይ ስለሚያበቃ ሌላ መቀየር ይኖራል። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ተጨማሪ ከፍላችሁ በልዩ ፈጣን ባቡር ከሄዳችሁ የፉርጎውን ቁጥር እዩ፤ ሪባቲ የሚባለው አንዳንዴ ሺሞ ኢማይቺ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ኪኑጋዋ ይሄዳል። ከኒኮ ጣቢያ ወደ ቹዜንጂ ሐይቅ በአውቶብስ 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ የኢሮሃዛካ ጠመዝማዛ መንገድ ይዘጋጋና ሰዓታት ይፈጃል። በዚያ ሰሞን ቤተ መቅደሶቹን አይቶ መመለሱ ይሻላል።

የሱይካ ትልቁ ወጥመድ አታሚ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከቶኪዮ አታሚ ድረስ 2,000 የን ገደማ አስነክታችሁ ትወጣላችሁ። ባቡሩ ግን አንዳንዴ ሳያስቀይር ወደ ኑማዙ ይቀጥላል፤ ከአታሚ ወዲያ የጄአር ማዕከላዊ (የሌላው የጄአር ድርጅት) ክልል ስለሆነ ቶኪዮ የተነካ ካርድ እዚያ በሩን አይከፍትም። ሠራተኛው መስኮት ላይ በጥሬ ገንዘብ ከፍላችሁ የምስክር ወረቀት ትቀበላላችሁ፤ ካርዱም የሚፈታው የተነሳችሁበት ክልል ስትመለሱ ነው። ድንበሩን የምታልፉ ከሆነ ከመነሻው የወረቀት ትኬት ግዙ። ካርዱ ከ20,000 የን በላይ እንደማይይዝም አትርሱ።

የግል ባቡሮቹ የቀን ትኬት ሁልጊዜ አያዋጣም። የኦዳክዩ የኤኖሺማ ካማኩራ ትኬት ከሺንጁኩ 1,640 የን ሲሆን በዕለቱ ይገዛል። በኤኖደን ባቡር ወደ ካማኩራ ደርሶ መልስ የሚል ይጠቀማል፤ ኤኖሺማ ባሕሩን ብቻ አይቶ የሚመለስ ግን በሱይካ ያነሰ ይከፍላል።

ሴይሹን 18

ስሙ የወጣት ይመስላል እንጂ የዕድሜ ገደብ የለውም። በመላ ጃፓን የጄአር ተራና ፈጣን ባቡሮችን ያስጠቅማል፤ ሺንካንሰን (እጅግ ፈጣኑ ባቡር) እና ልዩ ፈጣን ባቡር ግን ተጨማሪ ብትከፍሉም አይፈቅድም። የሚሠራው በማርችና አፕሪል መጀመሪያ፣ ከጁላይ ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ እንዲሁም ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ 10 አካባቢ ነው።

ድሮ ለድንገተኛ ጉዞ ወደር አልነበረውም፤ አምስቱን ቀን በፈለጋችሁት ጊዜ መጠቀም፣ ለጓደኞችም ማካፈል ይቻል ነበር። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ቀኖቹ ተከታታይ ሆኑ፣ መነሻው ቀን ሲገዛ ይወሰናል፣ ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው። ሦስት ቀኑ 10,000፣ አምስት ቀኑ 12,050 የን ነው። በቀን 3,333 ወይም 2,410 የን ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ቀኑ ዋጋውን የሚያወጣው በየቀኑ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ከተመለሳችሁ ነው፤ አታሚ ልክ እዚያ መስመር ላይ ትገኛለች። አንድ ቀን ቢዘንብ ሂሳቡ ይፈርሳል። የአታሚን ድንበር ያለ ችግር ቢሻገርም፣ ለድንገተኛ ጉዞ አሁን አንመክረውም፤ ሳምንት ሙሉ ዕረፍት ላለው ተማሪ ነው የሚሆነው።

ቶኪዮ ዋይድ ፓስ

ይህን ጃፓን የሚኖር የውጭ ዜጋም መግዛት ይችላል፤ የሚጠየቀው ግን ፓስፖርት ነው፣ የመኖሪያ ካርድ አይበቃም። (የመኖሪያ ካርዱንም ቢሆን ቤት አትተዉት፤ ይዞ አለመንቀሳቀስ እስከ 200,000 የን ያስቀጣል።) ለሦስት ተከታታይ ቀናት 15,000 የን ሲሆን ካሩይዛዋን፣ ኒኮን፣ ካዋጉቺኮንና የኢዙን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይሸፍናል። ወደ ካሩይዛዋ በሺንካንሰን ደርሶ መልስ 12,000 የን አካባቢ ስለሆነ አንድ ጉዞ ብቻውን አይመልሰውም፤ ሁለተኛ ሩቅ ቦታ ከተጨመረ ግን ያተርፋል። ሰኞ በዓል የሆነበት ቅዳሜና እሑድ ለዚህ ይመቻል። የቶካይዶ ሺንካንሰንን አይጨምርም፤ ወደ አታሚ ኦዶሪኮ በሚባለው ልዩ ፈጣን ባቡር ነው የሚኬደው።

ወደ ፉጂ፦ አውቶብስ ወይስ ባቡር?

ከሺንጁኩ የአውቶብስ መናኸሪያ ፉጂ ተራራ ሥር እስካለው ካዋጉቺኮ 2,200 የን፣ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ፉጂ ካይዩ የሚባለው ቀጥታ ባቡር ከ4,000 የን በላይ ሲሆን ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሲሄዱ አውቶብሱ ግልጽ አሸናፊ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ግን በቹኦ አውራ ጎዳና ኮቦቶኬ ዋሻ አጠገብ መኪናው ይቆማል፣ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ሲሄዱ በአውቶብስ፣ ሲመለሱ በተራ ባቡር እስከ ኦትሱኪ፣ ከዚያ ሺንጁኩ፤ 2,500 የን አካባቢ ነው፣ በሱይካም ይሠራል። ሁለቱም ቀጥታ መጓጓዣዎች ቅዳሜ ጠዋት ቀድመው ይሞላሉ።

ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ አንድ ነገር፦ በየመንገዱ የሚሸጠው የሶባ (የጃፓን ፓስታ) መረቅ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ነው። ከኮንቢኒ (ከሰፈር ሱቅ) የሚገዛ፣ ኮምቡ የሚባል የባሕር አረም ያለበት ሩዝ እንኳ ማጣፈጫው ከዓሣ ሊሆን ይችላል። ዳቦና ፍራፍሬ ይዞ መውጣት ይቀላል።

መኪና

የጋራ መኪና 15 ደቂቃው 220 የን አካባቢ ሲሆን ነዳጅን ይጨምራል፤ በረዥም ኪራይ የኪሎ ሜትር ክፍያ፣ በአውራ ጎዳናም የመንገድ ክፍያ ይታከልበታል። ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሆኖ አውቶብስ ወደማይደርስበት መሄድ ግን ያዋጣል። እንቅፋቱ መንጃ ፈቃዱ ነው። ኢትዮጵያ ከፈተና ነፃ ከሆኑት አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ የኢትዮጵያውን ወደ ጃፓን ፈቃድ ለመቀየር ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር እዚያው አገር መቆየታችሁን ማስረዳት፣ ማስተርጎም፣ መፈተን ያስፈልጋል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የጽሑፍ ፈተናው 50 ጥያቄ፣ ማለፊያው 90 በመቶ ሆኗል። ካለፋችሁም መኪናው የሚመለሰው ወደተነሳበት ቦታ ስለሆነ፣ እሑድ ማታ ከላይ ያልነውን መጨናነቅ አስልታችሁ የመመለሻ ሰዓቱን ሁለት ሰዓት አስረዝማችሁ ያዙ፤ ቀድሞ መመለስ ይቻላል፣ ማርፈድ ግን ያስቀጣል።